ናፍቆትን መግደል ነው ወይስ ወደ ፈጣሪና ወደ ቁም ነገር ማዞር ይቻላል?

ማለዳ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምወደው ሰው ነበር፤ ተለያየን። ዝርዝሩን አልጽፍም። እሱም ክፉ አልሠራም፣ እኔም አልሠራሁም፣ መንገዳችን ነው የተለያየው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄዷል። ሥራዬን እሠራለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ፣ ከውጭ ላየኝ ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን አልሄደም።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። አሁን አሁን የምናፍቀው እሱን ብቻ እንዳልሆነ እየገባኝ መጥቷል። ጥሩ ዜማ ስሰማ ይነሳብኛል። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት ሲታዩ ይነሳብኛል። ለረጅም ጊዜ የደከምኩበት ነገር ሲሳካልኝ እንኳ ደስታውን ገና ሳልጠግበው "እሺ፣ ከዚያስ?" የሚል ድምፅ ከሥር ብቅ ይላል። እሱ ተመልሶ ቢመጣ ይሄኛው ይጠፋ ይሆን ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይጠፋም።

አማኝ ነኝ። ግን ለጸሎት ስቆም ሐሳቤ ወደ እሱ ይሸሻል። አንዳንዴ ፈጣሪ ፊት የቆምኩት ፈጣሪን ፈልጌ ሳይሆን እሱን እንዲመልስልኝ ለመለመን ይሆናል፣ ከዚያ ኀፍረት ይይዘኛል። አንዱ "ስሜትሽን ግደይውና ለፈጣሪ ብቻ ኑሪ" ይለኛል። ሌላው "ሌላ ሰው ተዋወቂ፣ ይለቅሻል" ይላል። ሁለቱም አልዋጥልኝ አለ። ይሄ ሁሉ ጉልበት እንዲሁ ከንቱ እንዲቀር አልፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፦ ናፍቆት እውነት ወደ ፈጣሪ ፍቅር ሊለወጥ ይችላል? ወይስ ሰው ያጣውን ሲያጣ ራሱን የሚያጽናናበት ነገር ነው? ከተቻለስ በተግባር ምን ይመስላል? ጠዋት ተነስቼ ምን ላድርግ? "ጸልዪ" ብቻ አትበሉኝ፣ እሱንማ እያደረግሁት ነው።

መንገደኛው፦

እህቴ፣ "ግደይው" ያሉሽን አትስሚያቸው። የሚናፍቅ ልብ ሲገደል የሚሞተው ናፍቆቱ ብቻ አይደለም፣ መውደድም አብሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ፈጣሪን በምን ትወጂዋለሽ? ሁለት ልብ የለሽም።

አውግስጢኖስን ታውቂው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ354 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ነው የተወለደው። በወጣትነቱ አንድ የልብ ጓደኛው ሞተበት። ከተማው ሁሉ አስጠላው፣ ዓይኑ በየቦታው ያንን ጓደኛ ይፈልግ እንደነበር በኋላ ራሱ ጽፏል። ከአንዲት ሴት ጋር ለዓመታት ኖረ፣ ልጅ ወለዱ፣ በመጨረሻ ሲለያዩ ልቡ እንደቆሰለ አልደበቀም። ዝና ፈለገ፤ ሚላን ሄዶ የንግግር ጥበብ መምህር ሆነና አገኘው። ዝናውም አላሳረፈውም። በ386 ልቡ ወደ ፈጣሪ ዞረ፣ በተከታዩ ዓመት በትንሣኤ ሌሊት በጳጳሱ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ ደግሞ የምወደው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሰውየው ቀዝቃዛ ሰው አልሆነም። ያ ሴት የወደደ፣ ለጓደኛው ያለቀሰ፣ ክብር የተመኘ ልብ እንዳለ ነው የቀጠለው። ሂፖ በምትባል የወደብ ከተማ ጳጳስ ሆኖ እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 430፣ ይሰብካል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ሰው ስለ ርስትና ስለ ዕዳ ሲካሰስ ቁጭ ብሎ ይዳኛል። መዳኘቱ ያደክመው ነበር፣ ማንበብና ማሰላሰል ይመርጥ ነበር። ግን የሰው ጉዳይ ነውና ይሠራዋል። ናፍቆት ወደ ፈጣሪ ሲዞር እንዲህ ነው የሚመስለው፤ ሁልጊዜ እንባና ተመስጦ አይደለም፣ የሰው ክርክር መስማትም አለበት።

አሁን ወደ ጸሎትሽ ልምጣ። ያሳፍረኛል ያልሽው አያሳፍርሽ። ከ150ዎቹ የዳዊት መዝሙራት ስንቶቹ አቤቱታ እንደሆኑ አይተሻል? "እስከ መቼ?" የሚሉ፣ "ለምን ተውኸኝ?" የሚሉ፣ ወዳጅ ራቀኝ የሚሉ። 42ኛውን ክፈቺው፤ ነፍሱ ውኃ እንደጠማት ዋላ ነች፣ እንባው ቀንና ሌሊት ምግብ ሆኖታል፣ ድሮ ከሕዝብ ጋር በእልልታ የሚሄድበትን ቀን እያስታወሰ ይብሰለሰላል። ይሄ ሁሉ ጸሎት ነው። ማንም "መጀመሪያ ስሜትህን አስተካክለህ ና" አላለውም።

ስለዚህ እሱ ሐሳብሽ ውስጥ ሲመጣ ለማባረር አትታገዪ። ስሙን አንዴ ጥሪው። "መልስልኝ" ማለቱን ትተሽ "ያለበት ይባረክ" በዪ። ከዚያ ዝም ብለሽ ቁሚ። ወዲያው ሌላ ነገር አትለምኚ። በዚያ ቃልና በሚቀጥለው ልመናሽ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ ልመጃት። የምትፈሪያት እሷን ነው፤ ያ "ከዚያስ?" ያልሽው ድምፅ የሚመጣውም ከእሷ ነው። ፈጣሪን ገና ያላየሽበት ቦታ እሷ ትመስለኛለች።

ቀጥተኛ፦

ጋሼ መንገደኛው የጻፉትን አከብራለሁ። ግን ሁሉንም ነገር መንፈሳዊ ባናደርገው ጥሩ ነው።

አንዳንድ ናፍቆት መልሱ ስልክ መደወል ነው። እናትሽን ከናፈቅሻት ደውዪላት። ከጓደኛሽ ጋር በትንሽ ነገር ተኳርፋችሁ ከሆነ ሄደሽ ታረቂ። ሰው ቤት መሄድ እየቻሉ ክፍላቸውን ዘግተው "ብቸኝነቴን ለፈጣሪ ሰጠሁ" የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝኑኛል። ፈጣሪ በሰው በኩል ሊሰጥሽ ያሰበውን በጸሎት ስም አትዝለዪው።

ሁለተኛ ነገር። ማለዳ፣ በግልጽ ልጠይቅሽ። ጸሎት ጨርሰሽ ስልክሽን ታነሻለሽ? ገጹን ትከፍቻለሽ? ፎቶ ቀይሮ እንደሆነ፣ መጨረሻ መስመር ላይ የነበረው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አዲስ የተከተለችው ሴት ማን እንደሆነች ታያለሽ? ከዚያ የእሷን ገጽ፣ ከዚያ የእህቷን? ካደረግሽው ናፍቆቱ አልለቀቀኝም አትበዪ፣ በየቀኑ እያጎረስሽው ነው። የሚመለስ ከሆነ ተነጋገሩና ይለይለት። የማይመለስ ከሆነ መከታተያውን በሙሉ ዝጊ። ከዚያ በኋላ የቀረው ናፍቆት ነው እውነተኛው፣ ስለ እሱ እንነጋገር።

ሰብር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥተኛ ያለው ትክክል ነው። ግን ማለዳ ራሷ "እሱ ቢመለስም አይጠፋም" ብላለች እኮ። ጥያቄዋ ከስልኩ ያልፋል።

እኔ ከእስልምና በኩል ሁለት ሰዎችን ላንሳ። አንዷ ራቢዓ ነች፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስራ ውስጥ የኖረች። እንደሚተረከው በአንድ እጇ እሳት፣ በሌላው ውኃ ይዛ ስትሮጥ አይተዋት ምን ልታደርጊ ነው ሲሏት፣ ጀነትን ላቃጥል ጀሀነምን ላጠፋ ነው አለች፣ ሰው አላህን ለጥቅም ወይም ለፍርሃት ሳይሆን ለራሱ እንዲወደው። ትረካውን ስንሰማ የሩቅ የቅዱሳን ወሬ ይመስለናል። ግን ማለዳ ያነሳችው ኀፍረት እዚሁ ላይ ነው ያለው፤ "እሱን ስጠኝ" ከማለት "አንተን እፈልጋለሁ" ወደ ማለት እንዴት ይኬዳል ነው ጥያቄው። እኔ እንደገባኝ የመጀመሪያው ልመና ለሁለተኛው በር ነው። ሕፃን ልጅ አባቱን መጀመሪያ የሚፈልገው ለሚያመጣለት ነገር ነው፤ ሲያድግ እጁን ሳያይ ፊቱን ማየት ይጀምራል። በልመናሽ አትፈሪ፣ ግን እዚያው አትቅሪ።

ሁለተኛው መውላና ሩሚ ነው፣ በፋርስኛ የጻፈው ገጣሚ። ለምን አነሳሁት? ታሪኩ ቁርጥ የአንቺን ጥያቄ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1244 ኮንያ ውስጥ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሸምስ የሚባል የተብሪዝ ሰው አገኘ። ሩሚ የተከበረ ሊቅ ነበር፤ ከሸምስ ጋር ሆኖ ግን ትምህርቱንም ተማሪዎቹንም ረሳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸምስ ድንገት ጠፋ፣ ወዴት እንደሄደ አልታወቀም። ሩሚ እስከ ደማስቆ ድረስ ፈለገው። አላገኘውም። ያንን ሁሉ ናፍቆት ወደ ግጥም መለሰው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሩሚ ብቻውን አልተቀመጠም። በመጀመሪያ ሰላሁዲን ከሚባል ወርቅ አንጥረኛ ጋር ተወዳጀ፤ ሊቅ አልነበረም፣ ሰዉም "እንዴት ከዚህ ጋር?" ብሎ አጉረመረመ። ሰላሁዲን ካረፈ በኋላ ሁሳሙዲን መጣ። መስነቪ የሚባለውን ታላቁን የግጥም ሥራ እንዲጀምር የወተወተው ሁሳሙዲን ነው፤ ሩሚ እየተናገረ እሱ ይጽፍ ነበር፣ ለዓመታት፣ ሩሚ በ1273 እስኪያርፍ ድረስ ማለት ይቻላል። አያችሁ፣ የጠፋውን ሰው የሚተካ ሰው አይደለም የፈለገው። ናፍቆቱን ለሌሎች የሚጠቅም ሥራ አደረገው፣ ሥራውንም አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ሠራው። ዝም ብሎ ወደ ውስጥ የሚብሰለሰል ናፍቆት ሰውን ይበላል። ሥራ ያገኘ ናፍቆት ግን ሌላ ነው።

ለጠዋትሽ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሶላት አምስት ጊዜ ሰዓት አለው። ሲመቸኝ የሚባል የለም። ስሜት ሲኖር ትሰግጃለሽ፣ ስሜት ሳይኖር ትሰግጃለሽ። በየትኛውም እምነት ብትሆኚ ሰዓት ቁረጪለት። ናፍቆት ሰዓት የለውም፣ በፈለገው ጊዜ ይመጣል፤ ጸሎት ሰዓት ካለው ግን ናፍቆቱን የምታስቀምጪበት ቦታ ይኖርሻል፣ "አሁን ሳይሆን በመግሪብ፣ በምሽቱ ሶላት፣ እመለስብሃለሁ" ትይዋለሽ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦

በሙያዬ በየቀኑ የምሰማው ጥያቄ ስለሆነ ልጨምር።

የመጀመሪያው ነገር፣ መፈለግና መደሰት አንጎላችን ውስጥ አንድ አይደሉም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ይሄን በአይጦች አሳይተዋል። አይጦቹ አንጎል ውስጥ ያለው ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ከሞላ ጎደል እንዲጠፋ ተደረገ። ምግብ አጠገባቸው ቢኖርም ሄደው መብላት ተዉ። ነገር ግን ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲጨመርላቸው ከንፈራቸውን ይልሱ ነበር፤ ጣዕሙ ያስደስታቸዋል ማለት ነው። የጠፋው ፍላጎቱ እንጂ ደስታው አይደለም። ከዚህ የምንረዳው አንድን ነገር በጣም መፈለግ ያ ነገር ያረካናል ማለት አለመሆኑን ነው። ማለዳ "ከዚያስ?" ያለችው ድምፅ የእምነት ማነስ አይደለም፣ የተበላሸ ነገርም የለባትም። ሰው የተሠራው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ደግሞ ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ካልወጣላቸው ጋር አወዳድሯል። ባለ ዕድለኞቹ ከሌላው ያን ያህል የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም፤ በቀን ተቀን ትንንሽ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ እንዲያውም አንሶ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብዙ አልሸከምበትም። ግን ሰው ያገኘውን ቶሎ እንደሚለምድ በሌሎች ጥናቶችም ታይቷል።

ሁለተኛው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ጆን ዌልውድ የሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመንፈሳዊ ሰዎች መካከል አንድ ነገር አስተዋለ፤ ያልዳነ ቁስላቸውን፣ ያልተለቀሰ ለቅሷቸውን በመንፈሳዊ ቋንቋ ይሸፍኑታል። "አልፌዋለሁ፣ ፈቃዱ ነው" ይላሉ፣ ውስጣቸው ግን እንዳለ ነው። የመንፈስ ሕይወት ስሜትን መዝለያ ሲሆን አይለውጠውም፣ ያስቀምጠዋል። የዳዊት አቤቱታዎች የተነሱት ለዚህ ደስ ብሎኛል፤ እዚያ ምንም አይዘለልም። በመጀመሪያ ይለቀሳል።

አንድ ተግባራዊ ምክር። ናፍቆቱ ሲነሳ ሰውነትሽ ውስጥ የት እንደሚሰማሽ ልብ በዪ። ደረት ላይ ነው? ጉሮሮ ላይ? "ናፍቆኛል" ከማለት በፊት እሱን አስተውዪ። ብዙ ሰው ሲያስተውለው ስሜቱ ወጣ ብሎ መልሶ ዝቅ እንደሚል ያያል። ያቺን ጊዜ ሳትሸሺ ማለፍ ከቻልሽ ሁለተኛው ጊዜ ይቀላል። ጸሎትሽ እዚያ ላይ ይግባ፣ ስሜቱን ለማፈን ሳይሆን እሱ ባለበት ለመቆም።

ደግሞ፣ ለማንም አንባቢ፦ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ቀድሞ የምትወዱት ነገር ሁሉ ከጨለመባችሁ፣ ይሄ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ ከቀጠለ፣ ባለሙያ አናግሩ። መኖር አስጠልቶኛል የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ። ጸሎት ሐኪምን አይከለክልም።

ማለዳ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መንገደኛው፣ "ያለበት ይባረክ" ያሉኝን ሞክሬው በመሃሉ አለቀስኩ፣ ግን ከበፊቱ የተለየ ለቅሶ ነበር። ቀጥተኛ፣ አዎ፣ ገጹን አያለሁ። ዛሬ ዘጋሁት።

አሁን የቀረኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። ዓላማ ያለው ሕይወት ሲባል ይጨንቀኛል። ሩሚም አውግስጢኖስም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ። የተለየ ስጦታ የለኝም። ናፍቆቴ ምን ዓይነት ሥራ ያገኛል?

የልብ ጆሮ፦

ማለዳዬ፣ እኔ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ናፍቆትሽ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እስቲ ዝርዝሩን ተመልከቺው። "እሱን ናፍቄአለሁ" ስትዪ ምኑን ነው? ስትናገሪ ሳያቋርጥ መስማቱን? ስትደክሚ ሳትነግሪው ማወቁን? ስትመጪ ፊቱ ማብራቱን? አንዱን በትክክል ስም ስጪው። ያ የጎደለሽ ነገር አንቺ ከማንም በላይ የምታውቂው ነገር ነው። የመሰማትን ዋጋ የመሰማት ረሃብ እንዳለበት ሰው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የጎደለሽን ያንን ነገር ለሌላ ሰው ስጪ። እኔ ከዚህ የተሻለ ዓላማ መፈለጊያ መንገድ አላገኘሁም።

የራሴን ልንገርሽ። እኔ የሚናፍቀኝ ሰው መጠበቅ ነበር፣ ማለትም አንድ ሰው ስመጣ የሚጠብቀኝ መሆኑ። ሆስፒታል ሄጄ ጠያቂ የሌላቸውን በሽተኞች መጎብኘት ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አልጋቸው በሩ አጠገብ ነው። የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ፀጉራቸውን በእርጥብ እጃቸው ያስተካክላሉ፣ ብርድ ልብሱን ደረታቸው ላይ እኩል አድርገው ያነጥፉታል፣ ከዚያ ዓይናቸውን በሩ ላይ ይተክላሉ። ልጆች አሏቸው፣ ሩቅ ናቸው። እግር በተሰማ ቁጥር ቀና ይላሉ። የሚያልፈው ለሌላ አልጋ ከሆነ ቀና ያሉት አንገታቸውን ሊያሳክኩ እንደሆነ ያስመስላሉ፣ ሰው እንዳያዝንላቸው። እኔ ይሄን አየሁት፣ ምክንያቱም እኔም ቤቴ እንደዚያው አደርግ ነበር። ያልናፈቀ ሰው ያንን አያይም። ነርሶቹ ደጋግ ናቸው፣ ግን ሥራ ይበዛባቸዋል።

አሁን ስገባ "መጣሽ?" ይሉኛል። እኔም የሚጠብቀኝ ሰው አለኝ ማለት ነው። ይሄ እንዲሆን ብዬ አልሄድኩም፣ ግን ሆነ።

ይሄ አምልኮ ነው ወይ ብትዪኝ፣ አዎ እላለሁ። ወንጌል ላይ ታምሜ ጠይቃችሁኛል የሚለው አለ አይደል፣ እሱ ነው። ከመግባቴ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አጭር ጸሎት አደርጋለሁ። ስወጣ የእሳቸውን ስም እጸልያለሁ። የእኔ ጸሎት ሐሳቡ የሚሸሽበትን ቦታ አገኘ፤ አሁንም ይሸሻል፣ ግን ወደዚያ አልጋ ነው የሚሸሸው።

ትልቅ ስጦታ አያስፈልግም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት ይበቃል። ሰብር ስለ ሶላት ሰዓት የጻፈውን እዚህም ላይ አድርጊው። ሲመቸኝ እሄዳለሁ ካልሽ አትሄጂም።

መንገደኛው፦

የልብ ጆሮ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። አንድ ነገር አስታወስሽኝ።

ከግብጽ በረሃ አባቶች የተላለፈ ታሪክ ነው፣ ስለ ታላቁ እንጦንስ። በ356 እንዳረፈ ይነገራል፣ ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል በብሕትውና የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን መንፈሱ ታከተ፣ ሐሳብ አስጨነቀው። "ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አይተወኝም፣ ምን ላድርግ?" አለ። ወጣ ሲል እንደ ራሱ ያለ አንድ ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ከዚያ ሥራውን ትቶ ይነሳና ይጸልያል። ጸሎቱን ጨርሶ እንደገና ተቀምጦ ይገምዳል። እንደገና ይነሳል። ለካ መልአክ ኖሯል የተላከለት፣ "እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ" አለው።

ማለዳ የጠየቀችው ይሄንኑ ነው እኮ፤ "ሐሳቤ አይተወኝም፣ ምን ላድርግ" ነው ያለችው። የተሰጠው መልስ ራእይ አይደለም፣ የሐሳብ መጥፋትም አይደለም። ተቀመጥ፣ በእጅህ ሥራ፤ ተነስ፣ ጸልይ፤ ተመለስ። ሐሳቡ መጣም ቀረ እጅህ ሥራ አለው፣ አፍህ ጸሎት አለው። እኔ ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ከሰማሁት ሁሉ ለተራ ሰው በጣም የሚስማማው ይሄ ነው። እንጦንስን የሚያህል ሰው ሐሳብ ካልተወው እኛን ይተወናል ብለን መጠበቅ የለብንም። የመንገዱ አካል ነው።

ቀጥተኛ፦

ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ሥጋት አለኝ። ሰው ናፍቆቱን ለመርሳት ብሎ በጎ ሥራ ሲጀምር ያ ድሃ ወይም በሽተኛ የእሱ መድኃኒት ይሆናል። ሲሻለው ይተዋቸዋል። በሩ ላይ የሚጠብቁት ሽማግሌ አንድ ቀን ጠብቀው ሰው ሲቀርባቸው ምን ይሆናሉ?

የልብ ጆሮ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሥጋትህ የሚገባ ነው። ስለዚህ ነው ትንሽ ጀምሩ የምለው። የማትችዪውን ቃል አትግቢ። በሳምንት ሦስት ቀን ብለሽ ከምትቀሪ በሁለት ሳምንት አንዴ ብለሽ ብትገኚ ይሻላል። በማትችዪበት ጊዜ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እነሱ እኮ ሕፃናት አይደሉም፣ ይገባቸዋል። ደግሞ ራስሽን ፈትኚ፤ ሰውየው ዝም ቢሉ፣ ቢቆጡ፣ ባያመሰግኑሽ ትመለሻለሽ? እምቢ የሚል ከሆነ ልብሽ፣ ገና እሳቸውን አላየሻቸውም። የሚያሳፍር አይደለም፣ በጸሎት ላይ የሚነሳ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው ጸሎቱና ሥራው የሚገናኙት። ያለ ጸሎቱ ሥራው ራሴን መመገቢያ ይሆንብኛል፤ ያለ ሥራው ደግሞ ጸሎቴ ስለ ራሴ ብቻ ማውራት ይሆናል።

ሰብር፦

ማለዳ፣ ደረቅ ቀንም እንዳለ ከአሁኑ እወቂው። ጸሎቱ እንጨት እንጨት የሚልበት፣ ሆስፒታሉ የሚያስጠላበት፣ እሱ ደግሞ ትናንት የተለየሽው ያህል የሚመጣበት ቀን አለ። ያን ቀን "ለካ ምንም አልተለወጥኩም" እንዳትዪ። አጭር አድርጊው እንጂ አታቋርጪው።

ማለዳ፦

እሺ። ሁሉንም በደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የናፈቀኝን ነገር በስሙ ለመጥራት ስሞክር ለእኔ የወጣው መሰማት ነው። ሳያቋርጥ ይሰማኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲናገር ቶሎ የማቋርጥ ነኝ፣ አሁን ነው የታየኝ።

የልብ ጆሮ፣ የጎብኚነቱን ነገር በአካባቢዬ ባለ ሆስፒታል ልጠይቅ ነው። ማንን ነው የማናግረው? ደግሞ ምን ይወራል? የማላውቀው ሰው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝም እንዳልል እፈራለሁ።

የልብ ጆሮ፦

በቀጥታ ክፍሎቹ ውስጥ አትግቢ። የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ካላቸው እነሱን፣ ከሌላቸው የነርሶቹን ኃላፊ ጠይቂ፤ ጠያቂ የማይመጣለት ሰው ማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። በተላላፊ በሽታ ምክንያት የማይገባበት ክፍል ይኖራል፣ የሚሉሽን ስሚ። እጅሽን ስትገቢም ስትወጪም ታጠቢ። ምግብ ይዘሽ አትሂጂ፣ የተከለከለ ነገር ሊኖርባቸው ይችላል። በሽታቸውን አትጠይቂ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቁት ነው የሚውሉት። "ከመታመምዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?" በዪ፣ ከዚያ አታቋርጪ። ዝም ካሉም አብረሽ ዝም በዪ፣ ችግር የለውም። መጀመሪያው ቀን ከሃያ ደቂቃ በላይ አትቀመጪ፣ ይደክማሉ። ስትወጪ የምትመለሺበትን ቀን ንገሪያቸው፣ እርግጠኛ ከሆንሽ ብቻ።